«ለዓሣ ነው ያስተማርኩህ?»

 

ለዛሬ ቃል የገባሁላችሁን ጨዋታ (ስለ ሠርግ ወጪ ነበር) ለሌላ ሳምንት አቆይቼዋለሁ፤ ትታገሡኛላችሁ። ምክንያቱም ከወደ አበርገሌ አንድ ደብዳቤ ደርሶኛል። ደብዳቤ ስላችሁ በፖስታ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ልጁ ከደብተሩ ላይ ቀድዶ፣ በእስክሪብቶ ጽፎ፣ ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንስቶ ነው የላከልኝ። ሦስት ገጽ ነው። አነበብኩት፤ ደገምኩት። መልሱን ለእሱ ብቻ ጽፌ እንዳልተወው ደግሞ ጥያቄው የእሱ ብቻ አይደለም። የስንቱ ቤት ጥያቄ እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ስሙን አልጠቅስም። ቀበሌውንም አልናገርም። ነገሩን ግን በራሱ አንደበት ልንገራችሁ። ዘለግ ያለውን አሳጥሬዋለሁ።

«ወንድሜ ሆይ፣ ዕድሜዬ 23 ነው። የተወለድኩት አበርገሌ ነው፤ ቤታችን ከኒሯቅ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ይሆናል። 10ኛ ክፍል እያለሁ ጦርነቱ መጣ። በ2013 መጨረሻ ከቤተሰቦቼ ጋር ተፈናቅለን ሰቆታ ገባን። አንድ ዓመት ሙሉ ደብተር ሳልነካ ተቀመጥኩ። ከዚያ እዚያው ሰቆታ ተመዝግቤ ቀጠልኩ። 12ኛን በ2016 ተፈተንኩ፤ አልመጣልኝም። በ2017 በግል ተፈተንኩ፤ አሁንም አልመጣልኝም። አባቴ በየዓመቱ ለቤት ኪራዬ፣ ለደብተሬና ለቀለቤ ፍየል ሲሸጥ ኖሯል። የተረፈውን ደግሞ ድርቁ ጨረሰው። ድሮ ከ40 በላይ ነበሩን፤ አሁን ዘጠኝ ናቸው። እህቴም ከ8ኛ ክፍል አቋርጣለች።

«ከትምህርት ቤት ጓደኞቼ ሦስቱ ከጥምቀት ማግሥት በአፋር አድርገው ወደ ሳውዲ ሊወጡ ቆርጠዋል። ደላላው ለእኔም ቦታ እንዳለ ነግሮኛል። ሌሎች አምስት ልጆች ደግሞ ተከዜ ሐይቅ ላይ ዓሣ ለማስገር ሊደራጁ ነው፤ ስድስተኛ ሁን ብለውኛል። እኔ ልቤ ወደ ዓሣው ነው። ይህንኑ ለአባቴ ነገርኩት። እሳት ዳር ተቀምጦ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና “ለዓሣ ነው ያስተማርኩህ?” አለኝ። ከዚያ ወዲህ በደንብ ተነጋግረን አናውቅም። እሱ ሦስተኛ ጊዜ ተፈተን ነው የሚለው። ምን ላድርግ?»

* * *

ምን ላድርግ? ቀላል ጥያቄ ነው እንዴ?

ይህን ስታነቡ «ምናለበት! ሥራ ሳይንቁ መሥራት ነው እንጂ!» ያላችሁ ትኖራላችሁ። እኔም አንዳንዴ ይቃጣኛል። ግን ልብ ብላችሁ እንደሆነ «ሥራ አትናቁ» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ወር በደረሰ ቁጥር ደመወዙን የሚቀበል ሰው ነው። የራሱን ልጅ «ሂድ ዓሣ አስግር» ሲል ሰምቼው አላውቅም። የራሱን ልጅ የሚያስጠናለት አስተማሪ ይቀጥርለታል።

ስለዚህ ምክሩን ትንሽ እናቆየውና በመጀመሪያ ስለ አባትየው እናውጋ። መቼም በእንዲህ ያለ ጨዋታ ላይ ጥፋተኛው ሁልጊዜ አባት ነው። ያልተማረ፣ ጊዜው ያልገባው፣ ግትር! እኔ ግን አባትየው አልተሳሳቱም ባይ ነኝ። አርጅቶ የጠፋ መንገድ ነው የሚያሳዩት እንጂ ያልነበረ መንገድ አይደለም።

እስቲ ወደ ኋላ መለስ እንበል። በደርግ ዘመን ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ የጨረሰውን መንግሥት ራሱ ይመድበው ነበር። ተማሪው ሥራ አይፈልግም፤ ሥራው ነው እሱን የሚፈልገው። ከ1983 በኋላ ያ ምደባ ቀረ። ቢቀርም ታዲያ ለገጠር ልጅ ሌላ መንገድ ተከፈተለት። ከ1995 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሲባል ታስታውሳላችሁ? 10ኛ ክፍል የጨረሰች፣ የአካባቢውን ቋንቋ የምትናገር የዚያው አካባቢ ልጅ ተመርጣ አንድ ዓመት ትሠለጥንና ተመልሳ ቀበሌዋ ላይ ትቀጠራለች። ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴቶች። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመላ አገሪቱ ከ30 ሺህ በላይ ሴት ልጆች በዚህ መንገድ ሥራ ያዙ። የግብርና ባለሙያውም እንዲሁ ነበር። ከ10ኛ በኋላ ግብርና ኮሌጅ ይገባል፤ ሲጨርስ ቀበሌ ይመደባል። አስተማሪውም ያው።

አያችሁት? የአበርገሌ አባት በዓይኑ ያየው ይህንን ነው። የጎረቤቱ ልጅ ኽምጣንጋዋን እየተናገረች፣ ጥቁር ቦርሳዋን ይዛ፣ ቤት ለቤት እየዞረች ደመወዝ ስትበላ አይቷል። እናቷን ቤት በቆርቆሮ ስትከድንላቸው አይቷል። «ፍየል ሽጬ ላስተምር» ያለው ሕልም አይቶ ሳይሆን ያቺን ቆርቆሮ አይቶ ነው። እውነቱን ነው!

ችግሩ ቦታው ሞላ። በአንድ ቀበሌ ሁለት ከተቀጠሩ ሦስተኛዋ የት ትግባ? ወንበሩ የተያዘ ነው፤ የያዙትም ገና ወጣቶች ናቸው፤ ቶሎ ጡረታ አይወጡም። የ10ኛው ብሔራዊ ፈተናም ከ2011 በኋላ ቀረና ሁሉም ሰው ወደ 12ኛው በር ተሰለፈ። በሩ ደግሞ ጠበበ። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጣው የ2014ቱ 3.3 በመቶ፣ የ2015ቱ 3.2 በመቶ፣ የ2016ቱ 5.4 በመቶ፣ የ2017ቱ 8.4 በመቶ ነው። ከመቶ ልጅ ማለት ነው! መቶ ልጅ አሰልፋችሁ ቁጠሩት እስቲ። ደብዳቤ የጻፈልኝ ልጅ ከ90ዎቹ አንዱ ነው። ያውም አንድ ዓመት ጦርነት የወሰደበት፣ መጽሐፉን ትቶ የሸሸ ልጅ።

እና ወንድሜ፣ አንደኛ ነገር ይህን ያዝልኝ። አባትህ አላታለለህም፤ አንተም አባትህን አላታለልክም። መንገዱ ነው ከመሐል የጠፋው።

* * *

አሁን ደግሞ ስለ ራሴ ልንገርህ። ምክር ሰጪ ነኝ ብዬ ከላይ ሆኜ እንዳልናገር።

እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝ። 12ኛን የተፈተንኩት በ2008 ነው። ያ ዓመት ምን እንደነበረ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ግንቦት 22 ቀን ፈተና ልንቀመጥ ስንል የእንግሊዝኛው ወረቀት አስቀድሞ በፌስቡክ ወጥቷል ተብሎ ተሰረዘ። ክረምቱ ሲገባ እንደገና ተፈተንን። ለእኔ የመጀመሪያውም ሁለተኛውም ለውጥ አላመጣልኝም። አልመጣልኝም፤ አበቃ።

ታዲያ ለአባቴ ምን ብዬ ልንገረው? «ምዝገባ እየጠበቅኩ ነው» አልኩት። ስምንት ወር ሙሉ ምዝገባ ጠበቅኩ! ሰቆታ ከሦስት ልጆች ጋር በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ ሆኜ፣ ጠዋት ፊቴን ታጥቤ፣ ደብተር ይዤ እወጣለሁ። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እቆማለሁ። «2 ዓመት የሥራ ልምድ» ይላል። ልምዱን ከየት ላምጣው? ሳይቀጥሩኝ? ቀትር ሲሆን ጥላ ወዳለበት እሄዳለሁ። ማታ «እንዴት ዋልክ?» ሲሉኝ «ደህና» እላለሁ። በዚያን ጊዜ ዕንቅልፍ ይበዛብኝ ነበር። የሚገርማችሁ ሥራ የሌለው ሰው ድካሙ ለጉድ ነው። መጠበቅ ራሱ ሥራ ይሆናል፤ ደመወዝ የሌለው ሥራ።

በኋላ አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ያላቸው ሴትዮ ጽሕፈቴን አይተው «ና እስቲ ማመልከቻ ጻፍልኝ» አሉኝ። በወር 600 ብር። ሥራዬ ምን መሰላችሁ? የሌሎች ሥራ ፈላጊዎችን ማመልከቻ መተየብ! «ጉዳዩ፦ የሥራ ቅጥር ስለመጠየቅ።» ይህችን መስመር ስንት ሺህ ጊዜ እንደጻፍኳት እኔና ጣቶቼ ነን የምናውቀው። ዲግሪ ያለው ይመጣል፤ ዲፕሎማ ያለው ይመጣል፤ እንደ እኔ ባዶውን የሆነውም ይመጣል። የትምህርት ማስረጃቸውን በፕላስቲክ ጠቅልለው፣ እንደ ታቦት አክብረው ይሰጡኛል። ኮፒ አድርጌ እመልስላቸዋለሁ። ያኔ ነው ብቻዬን እንዳልሆንኩ የገባኝ።

አንድ የገበያ ቀን አባቴ በሩ ላይ ቆሞ አየሁት። ፍየል ሊሸጥ መጥቶ «ልጅህን ፎቶ ኮፒ ቤት አየነው» ብለውታል። እኔ ምን አደረግኩ? ከመጋረጃው ጀርባ ገባሁ! የ19 ዓመት ጎረምሳ ተደበቅኩ። ሴትዮዋ ግን «ግቡ አባቴ፣ እዚሁ ነው የሚሠራው፤ ጎበዝ ልጅ ነው» ብለው ወንበር ሰጡት። ወጣሁ። ጉልበቱን ስሜ ቆምኩ። «ተቀመጥ፣ ሥራህን ሥራ» አለኝ። የአንድ ሽማግሌ ማመልከቻ እየጻፍኩ ነበር። ጽፌ እስክጨርስ ዝም ብሎ አየኝ።

«ስንት ይሰጡሃል?» አለኝ ሲወጡ።

«600።»

አሰበ። ያኔ ደህና ፍየል 1,200 ብር ገደማ ነበር። «የግማሽ ፍየል ናት» አለ። እኔ ሊሳለቅብኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። እሱ ግን ቀጠለ፦ «በወር ግማሽ ፍየል ክፉ አይደለም። ክፉው ስምንት ወር የዋሸኸኝ ነው። እኔ እኮ ለዩኒቨርሲቲህ ብዬ ሁለት ፍየል ሳልሸጥ አቆይቼ ነበር። አንዷ በበሽታ ሞተችብኝ።»

ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ጉዳይ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። እኔ ግን ያቺን ፍየል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። እውነቱን በወቅቱ ብነግረው ኖሮ ሸጧት፣ ምናልባት ሌላ ነገር ያደርግባት ነበር። የእኔ ውሸት ለእሱ ወጪ ነበረው።

እና ወንድሜ፣ አንተ ከእኔ ትሻላለህ። አንተ እሳት ዳር ቁጭ ብለህ እውነቱን ተናግረሃል። የተቆጣህ ሰው የሰማህ ሰው ነው። ያልሰማ ሰው አይቆጣም።

* * *

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። አንድ በአንድ እንየው።

ስለ ፈተናው። በደብዳቤህ ውስጥ ያልጻፍክልኝ አንድ ነገር ቢኖር ነጥብህ ነው። «አልመጣልኝም» ብቻ አልከኝ። ለግማሹ ጥቂት ነጥብ ቀርቶህ ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ ብዙ ርቀህ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ደግሞ ሁለቱን ዓመት አስተያይ። ከ2016ቱ የ2017ቱ ከፍ ብሏል ወይስ ወርዷል? ከፍ ካለና ከተጠጋ፣ አባትህ ልክ ናቸው፤ በግል ተመዝገብ፤ ግን ሥራ እየሠራህ ተፈተን። ባለበት ከቆመ ወይም ከወረደ፣ ሦስተኛው ፈተና ሌላ አንድ ዓመት መጠበቂያ ነው እንጂ ፈተና አይደለም። ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፍና ለአባትህ አሳያቸው። ፍየል ቆጥረው የኖሩ ሰው ናቸው፤ ቁጥር ይገባቸዋል።

ስለ ሳውዲው። እኔ «አገርህ ላይ ኑር» እያልኩ የምሰብክ ሰው አይደለሁም። ሄዶ ቤት የሠራ አውቃለሁ። የሄደበት ያልታወቀም አውቃለሁ። በ2006 በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳውዲ ተባርረው ሲመለሱ ብዙዎቹ የያዙት የለበሱትን ብቻ ነበር። የቅርቡን ካልን ደግሞ፣ ሐምሌ 27 ቀን 2017 በየመን አብየን ባሕር ዳርቻ የተገለበጠችው ጀልባ ከ150 በላይ ሰው ጭና ነበር፤ አብዛኞቹ የእኛው ልጆች ነበሩ። ብዙዎቹ አልቀዋል። ከጥምቀት ማግሥት የሚወጡት ጓደኞችህ የሚያልፉበት ባሕር ይኸው ነው።

እሺ፣ ሞቱን እንኳ እንተወው። ሒሳቡን አስላው። ደላላው የሚጠይቅህ ገንዘብ ከየት ሊመጣ ነው? ከእነዚያው ከዘጠኙ ፍየሎች አይደለም እንዴ? መንገድ ላይ ይዘው «ቤተሰብህ ይክፈል» ቢሉህስ ማን ነው የሚከፍለው? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይህ ነው። ለጓደኞችህም ይህንኑ ሒሳብ አስላላቸው። ፈሪ ቢሉህ ይበሉህ።

ስለ ዓሣው። እዚህ ላይ ነው ብዙ የምለው፤ ምክንያቱም ልብህ ያለው እዚህ ነው፤ ልብ ያለበት ነገር ደግሞ ሰውን ቶሎ ያታልላል።

የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ቁመት ያለው፣ በ2002 ሥራ የጀመረ ግድብ ነው። የተሠራው 300 ሜጋ ዋት መብራት ሊያመነጭ ነው፤ ለአበርገሌ፣ ለዝቋላና ለሰሃላ ልጅ ግን ከመብራቱ ይልቅ ሐይቁ ቀድሞ ደረሰው። ቆሮሶውም አምባዛውም አለ። አያቶቻችን ያላዩት ሥራ ነው። አባትህ «ለዓሣ ነው ያስተማርኩህ?» ቢሉ አይፈረድባቸውም፤ በእሳቸው የልጅነት ዘመን እዚያ ቦታ ላይ ሐይቅ አልነበረማ! የፍየል ሥራ ሥራ መሆኑን ያውቃሉ፤ የዓሣውን ግን ከየት ይወቁት?

ታዲያ ከመፈረምህ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቅ። ዓሣው ከውኃ ከወጣ በኋላ ስንት ሰዓት ይቆያል? አበርገሌ ቆላ ነው፤ ፀሐዩን ታውቀዋለህ። በረዶ ከሌለ ሰቆታ ሳይደርስ ይሸታል። መኪና የሚመጣው በየስንት ቀኑ ነው? ካልመጣ የማድረቅ ዘዴ አላችሁ? ገዢው ማነው? በጾም ዓሣ የሚበላ ሰው አለ፤ የማይበላም አለ፤ የእናንተ ደንበኛ የትኛው ነው? መረብ ሲቀደድ ማን ይገዛል? ጀልባዋስ የማን ናት?

ከሁሉ በላይ ደግሞ ስለ ገንዘቡ ጠይቅ። መንግሥት በ2009 ለወጣቶች 10 ቢሊዮን ብር ተዘዋዋሪ ፈንድ ሲመድብ ስንቱ ተደራጅቶ ነበር። የጠነከረ አለ፤ ተበትኖ ዕዳው የቀረበትም አለ። በፎቶ ኮፒ ቤቱ የተደራጁ ልጆችን መተዳደሪያ ደንብ ስንት ጊዜ አባዝቻለሁ! አብዛኞቹ ሳያነቡት ነው የሚፈርሙት። «ሁሉም ያው ነው» ይሉኛል። ያው አይደለም። በቡድን ዋስትና የተወሰደ ብድር አንዱ ጥሎ ከጠፋ ቀሪዎቹ ይከፍሉታል። ከአምስቱ መካከል ልቡ ሳውዲ ያለ አንድ ልጅ ቢኖር ዕዳው የአንተ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እውነት ነው፤ ግን ድሩን አንድ በአንድ ጎትተህ ፈትነው።

ስለዚህ የእኔ ምክር ይህ ነው። ብድር ሳትወስድ፣ ሳትፈርም፣ አስቀድመው እያሰገሩ ያሉ ማኅበራት ዘንድ ሂድና አንድ ወር አብረህ ሥራ። በነፃም ቢሆን ሥራ። መረብ መጣል ትማራለህ፤ ዓሣ መብለት ትማራለህ፤ የሚከስሩት የት ላይ እንደሆነ ታያለህ። ከወሩ በኋላ አሁንም ልብህ እዚያ ከሆነ ፈርም። ካልሆነ የጠፋብህ አንድ ወር ነው። ሦስተኛው ፈተና ዓመት ይወስድብሃል፤ ሳውዲ ዕድሜ ይወስድብሃል።

አንድ ሌላ ነገር። የምታውቀውን አትናቅ። አንተ ከልጅነትህ ጀምሮ ፍየል ጠብቀሃል። የአበርገሌ ፍየል እኮ በስሙ የሚታወቅ ዝርያ ነው! ሰቆታ ያለው የደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል ዝርያውን ለማሻሻል ከአርቢዎች ጋር ሲሠራ ኖሯል። 12 ዓመት ተምረህ መጻፍና ማስላት ትችላለህ፤ አባትህ ደግሞ የትኛዋ ፍየል መንታ እንደምትወልድ በዓይናቸው ያውቃሉ። ሁለቱን አንድ ላይ አስባቸው እስቲ። ከመጀመሪያው የዓሣ ገንዘብ ላይ አንዲት እናት ፍየል ገዝተህ ለአባትህ ብትመልስላቸው «ለዓሣ ነው ያስተማርኩህ?» የሚለው ጥያቄ ያኔ መልስ ያገኛል። በአፍህ የምትመልሰው መልስ ግን አይበቃቸውም።

* * *

አሁን ትንሽ ልቆጣህ ነው።

እህትህን በአንድ መስመር አለፍካት። «እህቴም ከ8ኛ ክፍል አቋርጣለች» አልክና ወደ ጓደኞችህ ጉዳይ ሄድክ። ሦስት ገጽ ውስጥ አንዲት መስመር! ለምን አቋረጠች? ፍየሉ ለሁለት ስላልበቃ አይደለም? አንተ ሁለት ጊዜ ወድቀህ ሦስተኛ ዕድል ሲመከርልህ፣ እሷ አንድም ጊዜ ሳትፈተን ቀርታለች። ለወንድ ልጅ «ጠብቅ» ይባላል፤ ለሴት ልጅ ግን መጠበቅም አይፈቀድላትም። ወይ ባል ይመጣል፤ ወይ የዓረብ አገር ደላላ ይመጣል።

እሷ ምን ትፈልጋለች ብለህ ጠይቀሃት ታውቃለህ? ምናልባት ወደ ትምህርት ቤት መመለስ ትፈልግ ይሆናል። ምናልባት ዓሣ አድርቃ ሰቆታ ወስዳ መሸጥ ከአንተ ይልቅ ትችልበት ይሆናል። እኔ አላውቅም። አንተም አላወቅክም፤ አልጠየቅካትማ። ዛሬ ማታ ጠይቃት። ለእኔ ከምትጽፈው ሁለተኛ ደብዳቤ ይልቅ ይህ ይበልጥብኛል።

ለአባቶችም አንዲት ቃል አለችኝ። ይህን ጋዜጣ የሚያነብላችሁ ልጅ ካለ ያንብብላችሁ። ልጃችሁ 12ኛን ጨርሶ ሥራ ሲያጣ «ያስተማርኩት ለከንቱ ነው» አትበሉ። ከተማ ያሉትም አልቀናቸውም። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የወጣውም ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለበት፤ እሱንም አልፎ ዲግሪውን ይዞ ድንጋይ ሲያነጥፍ የዋለ አለ። እኔ ያን ሁሉ ማመልከቻ ስጽፍ አይቻቸዋለሁ። ልጁ ሰነፍ ስለሆነ ላይሆን ይችላል። «ምን አገኘህ?» ከማለታችሁ በፊት «ምን ሞከርክ?» በሉት። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ለልጁ ግን ትንሽ አይደለም። እኔ ከመጋረጃ ጀርባ የተደበቅኩት ድህነትን ፈርቼ አይደለም፤ ያችን «ምን አገኘህ?» ፈርቼ ነው።

* * *

እንግዲህ ወንድሜ፣ የምለው ይኸው ነው። ፈርመህ ከምትጸጸት አንድ ወር ሞክር። ነጥብህን ለአባትህ አሳይ። ለጓደኞችህ ሒሳቡን አስላላቸው። እህትህን ጠይቃት። ጥምቀት ሲመጣ አበርገሌ ውስጥ ሆነህ እንደምታከብር ተስፋ አለኝ።

ለመሆኑ የእኔ ነገር የት ደረሰ ትሉ ይሆናል። ይኸው ዛሬም እተይባለሁ! ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ወጥቼ አዲስ አበባ መጣሁ፤ ቀን ቀን የሰው ጽሑፍ እተይባለሁ፤ ማታ ማታ የራሴን እጽፋለሁ። ይህ ዓምድ ቋሚ ደመወዝ የለውም፤ በጻፍኩት ልክ ነው የሚከፈለኝ። አባቴ ማንበብ አይችልም። ግን ጋዜጣው ሰቆታ ሲደርስ አንድ ሰው ያነብለታል። ባለፈው ዓመት ስሄድ «አሁን በወር ስንት ፍየል ሆነ?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ሳቀ። ፍየልም ተወድዷል፤ ስለዚህ ብዙ አልራቅንም!

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ተምሮ ወይም አስተምሮ መሐል መንገድ ላይ የቀረ ሰው በቤታችሁ አለ? ምን አደረጋችሁ? ጻፉልኝ። ስማችሁን አላወጣም።

የሠርጉን ወጪ ሳምንት እንመለስበታለን።

ቸር ሰንብቱ!